የለውጡን ዋጋ ማን ይከፍላል?



ስለ መሃል ፖለቲካ በጥቅሉ ማውራት ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ራሱን ከጽንፍ የራቀ አድርጎ ስለሚቆጥር የሚከራከር አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው አንድ የሠራተኞች ፓርቲ «ዘመኑ ተለውጧልና እኔም ልለወጥ» ብሎ ወደ መሃል ሲጓዝ፣ ምን ይዞ ምን ጥሎ እንደሄደ ስንጠይቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፓርቲ ነው። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ፣ በአጭር ስሙ ኤስ.ፔ.ዴ.፣ ይህን ጉዞ ሁለት ጊዜ አድርጎታል፤ አንደኛውን በ1959፣ ሁለተኛውን በ2003። የመጀመሪያው ለሥልጣን አበቃው። ሁለተኛው ከገዛ ሕዝቡ ጋር አቃቃረው። መሪዎቹ በሁለቱም ጊዜ የሰጡት ምክንያት ተመሳሳይ ነበር፤ ዓለም ተለውጧል፣ ካልተለወጥን እንቀራለን የሚል። ታዲያ ውጤቱ ለምን ተለያየ? መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ በ1959 ፓርቲው የተወው ማንም ያልጨበጠውን ተስፋ ነበር፤ በ2003 የቆረጠው ግን ሰው በላቡ ያገኘውን ዋስትና ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ኤስ.ፔ.ዴ. ልደቱን የሚቆጥረው ፈርዲናንድ ላሳል በላይፕዚግ የሠራተኞች ማኅበር ካቋቋመበት ከ1863 ጀምሮ ነው። በ1891 በኤርፉርት ከተማ ያጸደቀው ፕሮግራም ሁለት ክፍል ነበረው። የፊተኛው ካፒታሊዝም በራሱ ሕግ ተገፍቶ እንደሚወድቅ ይተነብያል። የኋለኛው ደግሞ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ ለወንድም ለሴትም እኩል የመምረጥ መብት፣ ነፃ ትምህርት፣ ነፃ ሕክምና፣ ከገቢ ጋር የሚያድግ ግብር ይጠይቃል። መውደቁ የማይቀር ሥርዓት ከሆነ ይህን ሁሉ መጠገን ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀው ኤድዋርድ በርንሽታይን ነው። በርንሽታይን ረጅም የስደት ዘመኑን በለንደን ሲያሳልፍ የእንግሊዝ የሠራተኛ ማኅበራት በድርድርና በሕግ ምን ያህል እንደተራመዱ አይቷል። በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ካፒታሊዝም ሊወድቅ የተቃረበ አይመስልም፣ መካከለኛው መደብም እየጠፋ አይደለም፤ ፓርቲያችን በተግባር የማሻሻያ ፓርቲ ስለሆነ በቃልም ይህንኑ ይናገር አለ። የፓርቲው ማርክሳውያን ካርል ካውትስኪና ሮዛ ሉክሰምበርግ ተነሡበት፣ የፓርቲው ጉባኤም አወገዘው። በእኛ አገር በአብዮቱ ዘመን «ከላሽ»፣ ማለትም የማርክስን ትምህርት በራዥ፣ ተብሎ መፈረጅ ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር የሚያስታውሱ አድማጮች እዚህ ይኖራሉ፤ ያ ስድብ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ስም የዚሁ ሰው ነበር። ፓርቲው በርንሽታይንን ቢያወግዘውም የሠራው በርንሽታይን ያለውን ነው። በአደባባይ ስለ አብዮት እየተናገረ በምክር ቤት ስለ ጡረታና ስለ ሥራ ሰዓት ተደራደረ። በቃሉና በሥራው መካከል የነበረውን ይህን ክፍተት ለመዝጋት 60 ዓመት ፈጀበት።

በመካከሉ ናዚዎች መጡ። ማርች 23 ቀን 1933 ሂትለር ያለ ምክር ቤት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሲጠይቅ ኮሚኒስቶቹ እንደራሴዎች ቀድመው ተባርረው ነበር። ከቀሩት መካከል «አይሆንም» ያለው ኤስ.ፔ.ዴ. ብቻ ነው፤ በአዳራሹ የነበሩት 94 እንደራሴዎቹ በሙሉ ተቃወሙ፣ ሊቀመንበሩ ኦቶ ቬልስም የታጠቁ የናዚ ጭፍሮች በከበቡት አዳራሽ ቆሞ ምክንያቱን ተናገረ። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ሶሻል ዴሞክራሲ የሚታወሰው በአበልና በቀረጥ ብቻ ከሆነ ግማሽ ታሪኩ ይቀራልና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓርቲውን የመራው ኩርት ሹማኸር ወደ አሥር ዓመት ገደማ በማጎሪያ ካምፖች የተሠቃየ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣ፣ በኋላም አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የከፈለ ፓርቲ አዲሲቱን ጀርመን የመምራት ሞራላዊ መብት እንዳለው አጥብቆ ያምን ነበር። መራጩ ግን በ1949 በጥቂት ልዩነት የኮንራድ አደናወርን ክርስቲያን ዴሞክራቶች አስቀደመ። ሹማኸር በ1952 አረፈ። በ1953 የኤስ.ፔ.ዴ. ድምፅ 28.8 በመቶ ነበር።

በ1957 የሆነው ደግሞ የባሰ ነበር። በዚያ ዓመት መግቢያ አደናወር የጡረታን ሕግ ከሥሩ ለወጠው። ከዚያ በፊት ጡረታ ማለት አንድ አዛውንት እንዳይራብ የምትሰጥ መደጎሚያ ነበረች፤ አዲሱ ሕግ የጡረታውን መጠን ከሠራተኛው ደሞዝ ዕድገት ጋር አሰረው። አገር ሲበለጽግ ጡረተኛውም አብሮ እንዲያድግ ማለት ነው። ጡረታው በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ጨመረ። ኤስ.ፔ.ዴ. ራሱ ሕጉን ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። በሴፕቴምበር ምርጫ ሲደረግ የአደናወር ወገን 50.2 በመቶ አገኘ፤ ኤስ.ፔ.ዴ. 31.8 በመቶ ላይ ቀረ። ወግ አጥባቂው መሪ የሶሻል ዴሞክራቶቹን ጥያቄ ወስዶ በራሱ ስም ፈጽሞታል። ፋብሪካዎችን የሕዝብ እናደርጋለን የሚለው የኤስ.ፔ.ዴ. ቃል ደግሞ፣ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆነው ሠራተኛው ምን እንዳገኘ በዓይኑ ለሚያይ ሕዝብ የሚማርክ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነውና። ፓርቲው አዲስ ፕሮግራም የማዘጋጀቱን ሥራ በ1957 በድንጋጤ አልጀመረውም። ጉዳዩ ከ1954 ጉባኤ ጀምሮ በእጁ ነበር፣ በቪሊ አይኽለር የሚመራ ኮሚሽን ረቂቁን ሠራ፣ ረቂቁ በ1958 በሽቱትጋርት ጉባኤ ቀረበ፣ ከዚያም በየአካባቢው ያሉ የፓርቲው ቅርንጫፎች ተከራከሩበት። ማርክሳዊው የሕግ ምሁር ቮልፍጋንግ አበንድሮት የራሱን ተቃራኒ ረቂቅ ጻፈ። በመጨረሻ ከኖቬምበር 13 እስከ 15 ቀን 1959 በቦን አጠገብ ባለችው በባድ ጎደስበርግ ከተማ ልዩ ጉባኤ ተጠራ። በዚያ ጉባኤ ላይ ሚዛኑን ያጋደለው የኸርበርት ቬህነር ንግግር ነው። ቬህነር ወጣትነቱን በኮሚኒስት ፓርቲ አመራር ያሳለፈ፣ የስታሊንን ሞስኮ ከውስጥ ያየ ሰው ነበር፤ የማርክስን ትምህርት ማንም አያስተምረውም። እርሱ ፕሮግራሙን ደግፎ ሲነሣ የግራው ክንፍ ልብ ከፊሉ ለሰሰ። ድምፅ ሲቆጠር 324 ደገፉ፣ 16 ተቃወሙ።

ፕሮግራሙ ምን አለ? የሶሻሊዝም ሥሩ በክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር፣ በሰብአዊነትና በጥንታዊው ፍልስፍና ውስጥ ነው አለ፤ የማርክስ ስም አልተጠቀሰም። መሠረታዊ እሴቶቹን ነፃነት፣ ፍትሕና መተጋገዝ አደረገ። የግል ሀብት ፍትሐዊ ማኅበራዊ ሥርዓት እንዳይገነባ እስካላገደ ድረስ ጥበቃ ይገባዋል አለ። በኢኮኖሚው ደግሞ የፓርቲውን የኢኮኖሚ ምሁር የካርል ሺለርን መርሕ ተቀበለ፤ ይኸውም ገበያው በራሱ በሚሠራበት ቦታ ውድድር ይኑር፣ ውድድር በማይበቃበት ቦታ መንግሥት ያቅድ የሚል ነው። ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር የነበረውን የቆየ ቅራኔ ተወ። ፓርቲው የአንድ መደብ መሆኑ ቀርቶ የመላው ሕዝብ ፓርቲ መሆኑን አወጀ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ከጉባኤው በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት በዶርትሙንድ ወደ ብረት ፋብሪካው የገባ ሠራተኛ ምን ጎደለበት? ደሞዙ አልተነካም። ጡረታው፣ የሕመም አበሉ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ በብረትና በድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች አስተዳደር ውስጥ ከ1951 ጀምሮ የነበረው እኩል የመወሰን መብቱ፣ ሁሉም በቦታው ነበር። የተነሣበት ነገር ቢኖር በአባቱ ዘመን የተገባ፣ ቀኑ የማይታወቅ ቃል ኪዳን ነው። እርሱንም ቢሆን ተከራክሮበት፣ ድምፅ ሰጥቶበት ነው የተወው። ፕሮግራሙን የተቃወሙ ሰዎች ኀዘን እውነተኛ እንደነበር አልክድም፤ ለዚያ ቃል ሲሉ የታሠሩና የሞቱ ነበሩና። ሆኖም በሸክሙ ላይ ሸክም የተጨመረበት ድኻ አልነበረም።

1960ዎቹ ሲገባደዱ ፍሬው ታየ። ቪሊ ብራንት በ1969 መራሔ መንግሥት ሆነ፤ በ1972 ከመራጩ ከ91 በመቶ የሚበልጠው ወጥቶ ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ፓርቲው 45.8 በመቶ አገኘ፤ በታሪኩ ከዚህ በላይ አግኝቶ አያውቅም። «አዲሱ መሃል» የሚለውን አነጋገር በዚያው ዓመት የተጠቀመበት ብራንት ነው። የእርሱ መሃል የማዕድን ሠራተኛውንና የሠራተኛውን ልጅ ያስተማረችውን መምህርት በአንድ ላይ የያዘ ነበር። በ1971 የወጣው የተማሪዎች ድጎማ ሕግ የድኻ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ገንዘብ መደበ፤ የመሥሪያ ቤት ምክር ቤቶች ሥልጣን በ1972 ሰፋ። ወደ መሃል የተጓዘው ፓርቲ ታች ያለውን ሰው ወደ ላይ እየሳበ ነበር የተጓዘው። ለእኔ የሶሻል ዴሞክራሲ ማዘመን ማለት ይህ ነው።

ቀጣዩን ሠላሳ ዓመት በአጭሩ ልለፈው። የነዳጅ ዋጋ ቀውስ መጣ፣ ሥራ አጥነት ተመለሰ፣ ብራንትን የተካው ሄልሙት ሽሚት በ1982 ከሥልጣን ወረደ፣ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ሄልሙት ኮል 16 ዓመት ገዛ፣ ሁለቱ ጀርመኖች ተዋሐዱ። የውሕደቱ ወጪ ትልቁ ክፍል ከሠራተኛውና ከአሠሪው በሚሰበሰበው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ላይ ተጫነ፤ ሰው መቅጠርም ውድ ሆነ። በ1998 የኤስ.ፔ.ዴ. እጩ ገርሃርድ ሽረደር ያንኑ «አዲሱ መሃል» የሚለውን መፈክር አንሥቶ 40.9 በመቶ ድምፅ ይዞ አሸነፈ።

በዚያን ጊዜ ነፋሱ ከለንደን ይነፍስ ነበር። የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ መሪ ቶኒ ብሌር በ1995 የፓርቲውን አራተኛ አንቀጽ አስለውጦ፣ ከ1918 ጀምሮ በደንቡ የነበረውን የማምረቻ መሣሪያዎች የጋራ ባለቤትነት ግብ አንሥቷል። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ አንቶኒ ጊደንስ «ሦስተኛው መንገድ» የተባለውን መጽሐፉን በ1998 አወጣ። በጁን 1999 ብሌርና ሽረደር ለአውሮፓ ሶሻል ዴሞክራቶች የወደፊት መንገድ የሚሉትን የጋራ ሰነድ ለንደን ላይ ይፋ አደረጉ። ብሌርን በብዙ ነገር መውቀስ ይቻላል፣ በኢራቅ ጦርነትም መወቀስ አለበት። ነገር ግን በኤፕሪል 1999 በሰዓት 3.60 ፓውንድ የሚል አገር አቀፍ የደሞዝ ወለል አስቀምጧል። የሥራ ገበያው ይላላ ሲል ከታች ወለል አነጠፈ ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ይህ ወለል ሳይኖር ነው ጣራው የተነሣው። ከዚህ አካሄድ ጋር ያልተስማማው የሽረደር የገንዘብ ሚኒስትርና የፓርቲው ሊቀመንበር ኦስካር ላፎንቴን በማርች 1999 ሁለቱንም ሥልጣን ጥሎ ሄደ።

ማርች 14 ቀን 2003 ሽረደር በአገሪቱ ምክር ቤት በቡንደስታግ ቆሞ «አጀንዳ 2010» ያለውን ዕቅድ አሰማ። መንግሥት የሚሰጠውን እንደሚቀንስ፣ ከእያንዳንዱ ዜጋም የበለጠ እንደሚጠበቅ ተናገረ። የዕቅዱ ዋና ክፍል የፎልክስቫገን የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ፔተር ሃርትስ ከመራው ኮሚሽን የመጣ ነው፤ ሕጎቹም በስሙ ሃርትስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተባሉ። አራተኛው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

በአንድ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ እንይ። ዕድሜው 57 የሆነ፣ ለሠላሳ ዓመት በአንድ ፋብሪካ የሠራና በየወሩ ለሥራ አጥነት መድን የከፈለ ሰው አስቡ። በድሮው ሕግ ሥራውን ቢያጣ እስከ 32 ወር የሥራ አጥ አበል ያገኛል። እርሱ ሲያልቅ ደግሞ ከቀድሞ የተጣራ ደሞዙ 53 በመቶ፣ ልጅ ካለው 57 በመቶ የሆነ ሌላ ድጎማ ያለ ጊዜ ገደብ ይቀጥልለታል። ከፌብሩዋሪ 2006 ጀምሮ ግን ለዚህ ሰው አበሉ 18 ወር ብቻ ሆነ። ከ18 ወር በኋላ ደሞዙ ስንት እንደነበር የሚጠይቀው የለም። በምዕራብ ጀርመን ለብቸኛ ሰው በተተመነው በወር 345 ዩሮና በቤት ኪራይ ወጪ፣ አንድ ቀን ሠርቶ ከማያውቅ ሰው ጋር በአንድ መስኮት ይሰለፋል። ከዚያ በፊት ባለ ብዙ ገጽ ቅጽ ይሞላል፦ ባንክ ውስጥ ስንት አለህ? ሚስትህ ስንት ታገኛለች? ቤትህ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል እንዲያስቀር የተፈቀደለት ቁጠባ በዕድሜው ልክ ለየዓመቱ 200 ዩሮ ነበር፤ ለ57 ዓመቱ ሰው 11,400 ዩሮ ይመጣል። ለጡረታ የተቆለፈ ገንዘብ ለብቻው ይታይለታል፤ ከዚያ የተረፈውን ግን በልቶ ሳይጨርስ አይረዳም። የቀረበለትን ሥራ እምቢ ካለ አበሉ ይቆረጣል።

ይህ ሰው በሕይወቱ ሙሉ ለኤስ.ፔ.ዴ. ድምፅ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ያበሳጨው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። የመድን መዋጮውን እንደ መብት ይቆጥረው የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት ተመጽዋች ሆኗል። በዚያው መንግሥት ዘመን ደግሞ የከፍተኛ ገቢ ግብር ጣሪያ ከ53 በመቶ ወደ 42 በመቶ ወርዷል። የላይኛውን ሰው ለማትጋት ገንዘብ ይጨመርለታል፣ የታችኛውን ለማትጋት ግን ይቀነስበታል። ይህን የሰውን ልብ ሳይሰብሩ ማስረዳት አይቻልም፤ በ2004 በማግደቡርግ ተጀምሮ በምሥራቅ ከተሞች የተዛመተው የሰኞ ሰልፍም የዚሁ ስብራት ድምፅ ነበር።

ለሽረደር ፍርድ እንዳላጓድል ግን እውነቱን ሁሉ ላስቀምጥ። በፌብሩዋሪ 2005 የሥራ አጡ ቁጥር ከ5.2 ሚሊዮን በልጦ ነበር፤ እርግጥ ከፊሉ ቀድሞ በማኅበራዊ ዕርዳታ መዝገብ ተደብቆ የነበረ ሰው አዲሱ ሕግ ስለቆጠረው ነው። በኦክቶበር 2008 ቁጥሩ ከ3 ሚሊዮን በታች ወረደ። ምን ያህሉ የሕጉ፣ ምን ያህሉ የውጭ ንግዱና የሠራተኛ ማኅበራቱ የደሞዝ ትዕግሥት ውጤት እንደሆነ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። አንድ ነገር መደረግ ነበረበት፤ አምስት ሚሊዮን ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ፓርቲ የሠራተኛ ፓርቲ ነኝ ሊል አይችልም። ሥራው ተገኝቷል፤ ነገር ግን ጀርመን ለዓመታት ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ገደማ በዝቅተኛ ደሞዝ የሚሠራባት አገር ሆነች።

ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለውን ክርክር ግን አልቀበልም። የጀርመን ጎረቤት ዴንማርክ በሶሻል ዴሞክራቱ በፖል ኒሩፕ ራስሙሰን ዘመን፣ ከ1994 ጀምሮ፣ የሥራ ገበያዋን አድሳለች። እዚያም የአበሉ ዘመን ከሰባት ዓመት ወደ አራት ዓመት አጥሯል፣ ሥራ አጡም እንዲሠለጥንና እንዲፈልግ ተገድዷል። አሠሪው ሠራተኛ ማሰናበት ይቀልለዋል። የአበሉ መጠን ግን ዝቅተኛ ተከፋይ ለነበረ ሰው ከቀድሞ ደሞዙ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፣ ለሥልጠናውም መንግሥት በርከት ያለ ገንዘብ መደበ። ሸክሙን አሠሪውም፣ ግብር ከፋዩም፣ ሠራተኛውም ተካፈሉት።

የአወሳሰኑም መንገድ ከጎደስበርግ የተለየ ነበር። ያኔ ዓመታት የፈጀ ክርክር ከታች እስከ ላይ ተካሂዷል። አጀንዳ 2010 ግን ከመራሔ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ተነገረ፤ ልዩ ጉባኤው በጁን 2003 በርሊን ላይ ሲጠራ ሽረደር ካልደገፋችሁኝ እለቃለሁ ብሎ ነበርና ጉባኤተኛው በሰፊ ድምፅ ደገፈው። ያ ድምፅ የመሪውን ወንበር አዳነ እንጂ የአባላቱን ልብ አላገኘም። በ1998 ከ770 ሺህ በላይ የነበረው የአባላት ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 520 ሺህ ወረደ። በሜይ 2005 ፓርቲው 39 ዓመት የገዛውን ኖርድራይን ቬስትፋለንን፣ ያንን የብረትና የከሰል አገር፣ በምርጫ አጣ። በ1998 ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጦት ነበር፤ በ2009 የመረጠው 10 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ 23 በመቶ። ላፎንቴን ከሌሎች ጋር ሆኖ የግራ ፓርቲን አቋቋመ። ከጠፋው መራጭ ብዙው ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይሄድ ቤቱ ቀረ።

ማረሚያው ቀስ ብሎ መጣ። ብሌር በ1999 ያነጠፈው የደሞዝ ወለል ጀርመን የደረሰው በጃኑዋሪ 2015፣ በሰዓት 8.50 ዩሮ ሆኖ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2019 ከ30 በመቶ በላይ አበል መቁረጥ ከሰው ልጅ ክብር ጋር እንደማይስማማ ፈረደ። የፓርቲው እጩ ኦላፍ ሾልትስ በ2021 በ25.7 በመቶ ሲያሸንፍ ዋና ቃሉ ለሠራተኛው ክብር መስጠት ነበር፤ የደሞዝ ወለሉን ወደ 12 ዩሮ አሳደገ፣ በ2023 ደግሞ ሃርትስ አራት በሌላ ሕግ ተተካ። የተሰበረውን እምነት ግን ሕግ ብቻውን አይመልሰውም። በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ ኤስ.ፔ.ዴ. 16.4 በመቶ አገኘ። በዚያ ምርጫ በሠራተኞች መካከል ከሁሉ የበለጠ ድምፅ የሰበሰበው «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው የቀኝ ጽንፍ ፓርቲ ነው። ለዚህ አጀንዳ 2010ን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይሆንም፤ ስደት፣ ጦርነት፣ የኃይል ዋጋ፣ የሾልትስ ጥምር መንግሥት ጭቅጭቅ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም አንድ ሠራተኛ «እነዚህ የእኔ ናቸው» ማለቱን የተወው በ2025 አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ያንን ቅጽ ሲሞላ ነው።

ፖለቲካ ለምትማሩና ነገ የፓርቲ ፕሮግራም ለምትጽፉ ወጣቶች አንድ ልመና አለኝ። የጎደስበርግን ፕሮግራምና የሽረደርን የማርች 14 ንግግር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው፤ ሁለቱም በታሪክ መዝገብ ይገኛሉ። በየገጹ ጠርዝ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ ይህ ውሳኔ ሲፈጸም የሚጎድለው ከማን ነው? ከዚያ በኋላ የራሳችሁን ረቂቅ አውጡና በዚሁ ጥያቄ መርምሩት።